የ45 ቀኑ ቀጠሮ፦ በክትባት ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬና ቂሊንጦ ባሉት ሰፈሮች «ክትባት አያስፈልግም» የሚል ወላጅ እምብዛም አያጋጥመኝም። ሥራዬ ልጆችን መከተብ ስለሆነ ይህን በድፍረት መናገር እችላለሁ። የሚያጋጥመኝ የዘገየ፣ የተቋረጠ፣ «ለሚቀጥለው ወር» የተባለ ክትባት ነው። ሰዉ ክትባቱን አምኖበታል፤ ቀጠሮውን ግን እንደ ዋዛ ያየዋል። ክትባት ደግሞ ቀኑን ካጣ ብዙ ነገሩን ያጣል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች መልካቸው ቢለያይም አብዛኞቹ የሚመዘዙት ከዚህ ነው።

ክትባትን እንደ መድኃኒት መቁጠር

«አሁንማ ደህና ነው፤ ካመመው አመጣዋለሁ» የሚሉ አባቶች አሉ። መድኃኒት የታመመ ሰው ይወስደዋል። ክትባት ግን የሚሰጠው ለጤነኛ ሰው፣ በሽታው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ሰውነት ለመማር ጊዜ ይፈልጋልና።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። በክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ወይም የተገደለ ተሕዋስ፣ አለዚያም ከተሕዋሱ የተወሰደ ቁራጭ ነው። ልጁ ጭኑ ላይ ሲወጋ በዚያ አካባቢ የሚዘዋወሩ ቃኚ ሴሎች ያንን ባዕድ ነገር ውጠው ብሽሽት ውስጥ ወዳሉት እጢዎች ይዘውት ይሄዳሉ። እዚያ እጅግ ብዙ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች ተሰብስበዋል፤ እያንዳንዱ ለይቶ የሚያውቀው አንድ መልክ ብቻ ነው። ከመካከላቸው ለመጣው እንግዳ የሚገጥሙት ጥቂቶቹ ተለይተው መባዛት ይጀምራሉ። ከፊሎቹ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን ፕሮቲን ያመርታሉ፤ ይህ ፕሮቲን ተሕዋሱ ላይ ተጣብቆ ወደ ሴል እንዳይገባ ያግደዋል። ከፊሎቹ ደግሞ በተሕዋስ የተያዙትን የሰውነት ሴሎች እያደኑ ይገድላሉ። ይህ ሁሉ እስኪሆን አንድ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ሥራው ሲያልቅ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን የማስታወሻ ሴሎች ሆነው ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይቆያሉ። እውነተኛው በሽታ ሲመጣ እነዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥተው ይጠብቁታል። ለኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ የሌባውን ፎቶግራፍ አስቀድሞ እንደመስጠት ነው፤ ሌባው በሩ ላይ ሲደርስ መታወቂያ መጠየቅና ማመንታት የለም።

ያልተከተበ ሕፃን ትክትክ ሲይዘው ሰውነቱ ይህንኑ ትምህርት ይጀምራል። ግን በሽታውና ትምህርቱ እኩል ነው የሚነሡት። አየር ለመሳብ እስኪያቅተው የሚያስለው የሁለት ወር ልጅ ሁለት ሳምንት የሚጠብቅበት አቅም የለውም።

«ኩፍኝ ወጥቶለት ይለፍ» ማለት

ይህ ብዙውን ጊዜ ከአያቶች የሚመጣ ሐሳብ ነው። ኩፍኝን ልጅ ሁሉ ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ አድርገው ያዩታል። «እኛስ በኩፍኝ አልፈን አይደል ያደግነው?» ይሉኛል። እኔም «እማማ፣ ስንት ወልደው ስንቱ አደጉልዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ «ስምንት ወልጄ አምስት አሳደግሁ» ዓይነት ሲሆን የቀረውን እርሳቸው ራሳቸው ያስቡታል።

በኩፍኝ ታሞ የዳነ ልጅ ዳግመኛ እንደማይያዝ እውነት ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ኩፍኝ ሽፍታ ብቻ አይደለም፤ የሳንባ ምች፣ ብርቱ ተቅማጥና የአንጎል ብግነት ያስከትላል፤ በቫይታሚን ኤ እጥረት ላይ ሲጨመር ዓይን ያጠፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ጉዳትም አለው። ቫይረሱ ከላይ የነገርኳችሁን የማስታወሻ ሴሎች እያደነ ስለሚያጠፋ፣ ልጁ ከኩፍኙ ቢድንም ሰውነቱ ከዚያ በፊት የተማረውን ብዙ ነገር ይረሳል። ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ለሌሎች በሽታዎች የተጋለጠ ይሆናል። ክትባቱ ይህን አያደርግም።

ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ እንደ ኩፍኝ የሚፈጥን ጥቂት ነው። ማንም ባልተከተበበት አካባቢ አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ይችላል፤ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት በአየር ላይ ይቆያል። አሁን ከሰፈራችን የሚነሣውን ሚኒባስ አስቡት። መስኮት ሲከፈት «ብርድ መታኝ፣ ዝጉት» የምንል ሰዎች ነን። ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ልጆች 95ቱ ያህል መከተብ አለባቸው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ጨለማ ቤት ውስጥ ሸሽጎ ቡና እያፈሉ መጠበቅ፣ «ኩፍኝ ላይ መርፌ አይሆንም» ብሎ ከጤና ጣቢያ ማራቅ ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው። ልጁ ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል፤ ሳንባው መመርመር አለበት። ቡናው ለጎረቤት ይፈላ፣ ልጁ ግን ይምጣ።

በሽታ ሁሉ የማይቀር ዕዳ እንዳልሆነ ለመረዳት ፈንጣጣን ማየት ይበቃል። ኤድዋርድ ጄነር የመጀመሪያውን ክትባት እ.ኤ.አ. በ1796 ሞከረ። አገራችን ፈንጣጣ መጨረሻ ላይ ከቀረባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ የመጨረሻው ታማሚ በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት በሶማሊያ ከታየው ወዲህ ደግሞ በሽታው በተፈጥሮ የያዘው ሰው የለም። ዛሬ ፈንጣጣ ፊታቸውን የነቆጣቸው ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው የቀሩት።

ቀኑን መግፋት

የልጁ የክትባት ካርድ ላይ ያሉት ቀኖች በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም። ሲወለድ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያና የፖሊዮ ጠብታ፤ ከዚያ እናቶች «የ45 ቀን» የሚሉት የ6 ሳምንቱ፤ ቀጥሎ በ10 እና በ14 ሳምንት፤ ከዚያ በ9 ወርና በ15 ወር።

እናት በእርግዝና ጊዜ ፀረ እንግዳ አካላቷን በእንግዴ ልጅ በኩል ለልጇ ታወርሳለች። ይህ ውርስ ለትክትክ ቶሎ ያልቃል፤ ትክትክ የሚገድለው ደግሞ ገና ጡት ላይ ያሉትን ስለሆነ ክትባቱ በ6 ሳምንት ይጀመራል። የኩፍኙ ውርስ ግን ረዘም ላሉ ወራት ይቆያል፤ እሱ ሳያልቅ ከተከተበ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካላት የክትባቱን ቫይረስ ይደመስሱትና ልጁ ሳይማር ይቀራል። ለዚህ ነው 9 ወር የሚጠበቀው። ቀጠሮው የተቆረጠው ውርሱ በሚያልቅበትና በሽታው በሚደርስበት መካከል ነው ማለት ይቻላል።

በአንዳንድ ቤት አራስ ልጅዋን ይዛ የምትወጣው ከክርስትና በኋላ ነው። ለወንድ ልጅ ችግር የለውም፤ በ40 ቀኑ ተጠምቆ በ45 ቀኑ ይመጣል፤ እንዲያውም ቀኑን ለማስታወስ ይመቻል። ሴት ልጅ ግን የምትጠመቀው በ80 ቀኗ ነው። እስከዚያ ድረስ ከተጠበቀ የ45 ቀኑ ቀጠሮ አምስት ሳምንት ዘግይቶ የ10 ሳምንቱም አልፏል። በሥርዓቱ ላይ የምለው የለኝም፤ ሕፃኗ ግን በነጠላ ተሸፍና፣ በአክስቷ ታቅፋም ቢሆን መምጣት ትችላለች። ትክትክ የወንድና የሴት ቀን አይቆጥርም።

ሁለተኛው የመግፊያ ምክንያት ጉንፋን ነው። ትንሽ ሳል፣ ንፍጥ ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ክትባት አያስከለክልም። ክብደቱ ዝቅ ያለ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅም እንዲያውም ቅድሚያ የሚገባው ነው። ከፍ ያለ ትኩሳት ወይም ብርቱ ሕመም ካለ ውሳኔውን ለባለሙያው ተዉት፤ ቤት ሆናችሁ አትወስኑ።

ሦስተኛው «በአንድ ቀን ሁለት መርፌ ይከብደዋል» የሚለው ነው። በ45 ቀኑ በአንዱ ጭን አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው፣ በሌላው ጭን የሳንባ ምቹ ክትባት ይወጋል፤ በአፉ ደግሞ የፖሊዮና የሮታ (ብርቱ ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ) ጠብታ ይሰጠዋል። አያቶች «ፀረ ስድስት» ብለው የሚያስታውሱት የስድስት በሽታዎች ክትባት ነው ዛሬ ይህን ያህል የሰፋው፤ አምስቱን በአንድ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2007፣ የሳንባ ምቹ በ2011፣ የሮታው በ2013 ተጨምረዋል። ልጁ ምንጣፍ ላይ ሲድህ አንድ ጊዜ እጁን ወደ አፉ ባስገባ ቁጥር የሚያገኘው ባዕድ ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሁለት መርፌ የሚከብደው ለእናቱ አንጀት ነው፤ እሱንም ጡት እያጠቡ ማስወጋት ያቀለዋል።

ከመጀመሪያው ትኩሳት በኋላ መቅረት

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእናትየዋ ብቻ አይደለም። እኛ ከታቢዎች ሰልፉ ሲረዝም ልጁ ምን እንደሚሰማው ሳንነግራት እናሰናብታታለን። ሌሊት ሰውነቱ ሲግል፣ ጭኑ ሲያብጥና ሲያለቅስ ሲያድር «መርዝ ወጉብኝ» ብትል አይፈረድባትም።

ትኩሳቱና እብጠቱ ሰውነቱ እንግዳውን አይቶ ሥራ መጀመሩን ያሳያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃሉ። ጡት ደጋግሞ ማጥባት፣ ልብስ ማሳሳት፣ ካስፈለገ ደግሞ ባለሙያ በልጁ ክብደት ልክ የነገረውን ፓራሲታሞል መስጠት ይበቃል። ትኩሳቱ ሳይመጣ ግን «ለማንኛውም» ብሎ አስቀድሞ መስጠት አይመከርም፤ ሰውነቱ ለክትባቱ የሚሰጠውን ምላሽ ሊያዳክመው ይችላል። ልጁ ሰውነቱ ከተንዘፈዘፈ፣ ከተዝለፈለፈ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። ድንገተኛ የአለርጂ ምላሽ እጅግ ጥቂት ቢሆንም የሚታየው ከመርፌው በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ታክሲ እንዳያመልጣችሁ አትሩጡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቅጥር ግቢው ውስጥ ቆዩ።

የክንዱ ቁስል ሌላ ታሪክ አለው። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ከተሰጠ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክንዱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ትወጣለች፤ ትመግላለች፣ ትፈርጣለች፣ ቅርፊት ይዛ ትቆያለች፣ በመጨረሻም ጠባሳ ትታ ትሽራለች። ይህ የሚጠበቅ ነው። ቅቤ፣ አመድ፣ ቅባት፣ የቁስል ዱቄት የሚያስፈልጋት አይደለችም፤ መፈንዳትም የለባትም። ንጹሕና ደረቅ ሆና ትተው። ክትባቱ ትልልቅ ሰዎችን ከሳንባ ነቀርሳ የሚከላከልበት አቅም ውስን ነው፤ ሕፃናትን ግን ወደ አንጎል ከሚዘልቀውና በመላ ሰውነት ከሚሰራጨው ዓይነት ይጠብቃል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የሚቀር ልጅ ያጣው ምንድን ነው? አምስቱን በያዘው ክትባት የመጀመሪያው ዙር የሚያነቃው ጥቂት ሴል ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያበዙታል፣ ያጠነክሩታል። የኩፍኙ ደግሞ ለየት ይላል። በ9 ወራቸው ከተከተቡ 100 ልጆች 15 ያህሉ ከመጀመሪያው ዙር በቂ መከላከያ ሳያገኙ ይቀራሉ። የትኞቹ እንደሆኑ በመልክ አይለዩም። የ15 ወሩ ዙር፣ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 የተጨመረው፣ ለእነዚያ ሁለተኛ ዕድል ነው። ልጁ መራመድ ጀምሮ፣ እናቱ ወደ ሥራ ተመልሳ፣ ቤቱ ሁሉ ስለ ክትባት የረሳበት ጊዜ ስለሆነ በብዛት የሚዘለለውም እሱ ነው።

«ሐሙስ ይምጡ» ሲባል ተቆጥቶ መቅረት

ለሁለት ሰዓት መንገድ ልጅ አዝላ የመጣች እናት «ዛሬ የኩፍኝ የለም፣ ሐሙስ ይምጡ» ስትባል ንዴቷ ይገባኛል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ ይመጣና ከፈሳሽ ጋር ይቀየጣል፤ አንዱ ጠርሙስ ለ10 ልጅ ይሆናል፤ ከተቀየጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። የሳንባ ነቀርሳውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ልጆቹን በተወሰነ ቀን ይሰበስባሉ። ከመምጣታችሁ በፊት የትኛው ክትባት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ። በአንድ ሕንፃ የምትኖሩ እናቶች ተቀጣጥራችሁ ብትመጡ ደግሞ ጠርሙሱም እናንተም ትተርፋላችሁ። በበኩሌ አንዲት እናት ብቻዋን ብትመጣም ጠርሙሱ ይከፈት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ የሚደፋው ክትባት ከሚቀረው ልጅ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ክትባቱ ይበላሻል የሚል ሥጋትም አለ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣዎቹ መብራት ቢጠፋም ለሰዓታት ቅዝቃዜ እንዲይዙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ጠርሙሱ ላይ ደግሞ ክብ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት አለች። አራት ማዕዘኗ ከክቡ የነጣች ከሆነች ክትባቱ ደህና ነው፤ እንደ ክቡ ከጠቆረች ሙቀት ነክቶታልና አይሰጥም። አሳዩኝ ብትሉ የሚቆጣ ከታቢ ሊኖር አይገባም።

ቤት ሲቀየር ካርዱን መጣል

የእኛ ሰፈሮች የተከራይ ሰፈሮች ናቸው። ልጁ ጉለሌ ይወለዳል፣ የ45 ቀኑን ክትባት አያት ሰፈር ይወስዳል፣ የ9 ወሩ ሲደርስ ኪራይ ተጨምሮ ኮዬ ፈጬ ገብቷል። «እዚያ ስለጀመርን እዚያ መጨረስ አለብን» ብለው የሚቀሩ አሉ። አይደለም። መደበኛው የሕፃናት ክትባት በየትኛውም የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ዙሩ በመሀል ቢቋረጥም ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያ አይጀመርም፤ የማስታወሻ ሴሎቹ ቤት በመቀየር አይጠፉም። ካርዱን ግን ከቤት ኪራይ ውሉ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፤ ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ ያዙ።

ቤት ለቤት የሚመጣው ዘመቻ የካርዱን ዙር አይተካም። ጣቱ በቀለም የተቀባ ልጅ የወሰደው የዘመቻውን ክትባት ብቻ ነው። በተቃራኒው «የእኔ ልጅ ጨርሷል» ብሎ ለዘመቻ ሠራተኞች በር መዝጋትም ስህተት ነው፤ የተጨመረ የፖሊዮ ጠብታ አይጎዳውም።

የሴት ልጆችን ክትባት በወሬ መተው

የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር «ያመክናል» የሚል ወሬ አብሮት መጣ። ክትባቱ ይህን ካንሰር የሚያመጣውና በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ቫይረስ የላይኛ ሽፋን ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ቫይረስ የለበትም፣ የማኅፀንን ሥራ የሚነካ ነገርም የለውም። «ገና ልጅ ናት» የሚሉ አባቶች ደግሞ ጊዜውን ገልብጠው ነው የያዙት፤ ክትባቱ ከቫይረሱ ጋር ከተገናኘች በኋላ ቢሰጣት ያንን ኢንፌክሽን አያድንም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ካንሰር ይህ ነው።

መንጋጋ ቆልፍን መርሳት

ይህ ለትልልቆችም ነው። ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ የጎረቤት መከተብ ምንም አይጠቅማችሁም። ዘሩ አፈር ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው ግንባታ በማያልቅበት፣ ሚስማርና ፌሮ መንገድ ላይ በሚተኛበት ሰፈር ነው። ነፍሰ ጡር እናት ስትከተብ መከላከያው ለሕፃኑም ስለሚተላለፍ እትብቱ ሲቆረጥ ይጠብቀዋል።

ውሻ ሲነክስ መጀመሪያ ወደ ባህል ሐኪም መሄድ

በዚህ አካባቢ የግንባታ ጥበቃዎች ውሻ ያሳድጋሉ። ሕንፃው ሲያልቅ ጥበቃው ይሄዳል፣ ውሾቹ ይቀራሉ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች በመንጋ የሚያገኟቸው እነዚህን ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ከሌሎቹ የሚለየው ክትባቱ ከተነከሱ በኋላም መሥራቱ ነው። ቫይረሱ በደም ሳይሆን በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር፣ አንዳንዴ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ክትባቱ ወዲያው ከተጀመረ ሰውነቱ ተምሮ ይቀድመዋል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የ9 ዓመት ልጅ ያዳነው በዚሁ መንገድ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። ፊት፣ ራስና እጅ ላይ የተነከሰ ሰው ደግሞ መንገዱ አጭር ስለሆነ ጊዜውም አጭር ነው።

ስለዚህ ሥር ፍለጋ፣ ጸበልም ቢሆን፣ ከዚህ በኋላ ይምጣ። መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ቡና፣ ቃሪያ ወይም ጨው አለመነስነስ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ፤ ንክሻው ቆዳውን በስቶ ከገባ ከክትባቱ ሌላ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ቁስሉ ውስጥ ይወጋል፤ ሰውነቱ የራሱን እስኪሠራ የሚያግዘው እሱ ነው። ሆድ ላይ ለተከታታይ ቀናት ይሰጥ የነበረውን የድሮ መርፌ ፈርታችሁ የምትቀሩ ከሆነ፣ ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ አራት አምስት መርፌ ነው።

ውሻውን ገድሎ መቅበርም የተለመደ ችኮላ ነው። ባለቤት ካለው ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። ከ10 ቀን በኋላ ጤነኛ ሆኖ በሕይወት ካለ በነከሰበት ቀን ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነውና ባለሙያው የቀረውን መርፌ ሊያቆም ይችላል። ይህ የሚሠራው ለውሻና ለድመት ነው። ጅብ የነከሰው ሰው ግን ምንም ሳይጠብቅ ክትባቱን እስከ መጨረሻው ይወስዳል።